ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ

መስከረም 12

ይድረስ ለልጄ ለመርፌ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፣ በወጣሽበት በር በደህና ይመልስሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ምርቃቱን ያሳጠርኩት ቸኩዬ ነው። ባለፈው የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። «ከፍሬ ለቀማ አውጥተው ማቆያ አስገብተውኛል፤ እንደ ልብ ወጣ ገባ ማለት ባይቻልም ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ አይጨነቁ» ትያለሽ። እንዴት ነው የማልጨነቀው? ሰው ማቆያ የሚገባው ወይ ተይዞ ነው ወይ በሽታ ተገኝቶበት ነው። ምን አጥፍተሽ ነው? ወረቀትሽ ጎደለ? ከሰው ተጣላሽ? መቼም ያቺ አፍሽ አታርፍም። መቀሴን ጥዬ ጎረቤቴ ነርሷ ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላት። እሷም ፊቷ ልውጥ አለ። «መቼ እንደሚፈቷት አልጻፈችም?» አለችኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሰው ልብስ እያበላሸሁ ነው። ትናንት የርእሰ መምህሩን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሌላውን ረስቼዋለሁ። ሰውዬውም ጨዋ ነውና ሳያይ ከፍሎ ሄደ፤ ዛሬ ግን ሱሪውን በክንዱ አንጠልጥሎ መጣ።

በስልክ እንዳልጠይቅሽ ጆሮዬን ታውቂያለሽ። አርባ ዓመት የስፌት መኪና የጮኸበት ጆሮ ከስልክ ውስጥ ሹክሹክታ እንጂ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ቶሎ ጻፊ፣ አንድ መስመርም ቢሆን። ማን እንዳስገባሽና መቼ እንደምትወጪ ብቻ ንገሪኝ።

አጎትሽ ልብስ ሰፊው

ጥቅምት 9

እንደ አባትም እንደ እናትም ሆነው ላሳደጉኝ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤና ይብዛልዎ፣ ዓይንዎ ክር ከማስገባት አይስነፍ፣ እጅዎ አይዛል። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እርስዎን ከማጣቴ በቀር የጎደለኝ የለም።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ቆሜ ሳነብ ሳቅ አፈነኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ማንም አልያዘኝም። ማቆያ ያልኩት ፍሬው ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር የሚጨመርበትን ክፍል ነው። ወጣ ገባ አይቻልም ያልኩትም ሽታው ወደ ሌላው ክፍል እንዳይሄድ በሩ ስለሚዘጋ ነው። ለነርሷም ተፈትታለች ይበሉልኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ኮኩ ይታጠባል፣ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ዘሩ ይወጣል፣ ትሪ ላይ ይደረደራል። ከመድረቁ በፊት እኛ ዘንድ ገብቶ የድኝ ጭስ ይታጠናል። ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ አይደል፣ እሱው ነው። ድኝ ያላገኘው ኮክ ሲደርቅ እንደ አሮጌ ቆዳ ይጠቁራል፤ ሻጋታም ትልም ቶሎ ይደፍረዋል። ያገኘው ግን ብዙ ወራት ቆይቶም ከዛፍ የወረደ ዕለት የነበረውን መልክ እንደያዘ ነው። ድኙን የምመዝነው እኔ ነኝ። ከደረቀ በኋላ ከየትሪው ቆንጠር አድርገው ላቦራቶሪ ይወስዱታል፤ ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ከረጢት ውስጥ አይገባም።

ሰው አይጎዳም ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። በመጠኑ ከሆነ ለብዙው ሰው ምንም አይልም። እንዳይበሉት የሚመከሩ ሰዎች አሉ፤ ከረጢቱ ላይ በዚህ አገር ቋንቋ ተጽፏል፤ እርስዎን ግን አይመለከትም።

አንድ ከረጢት በፖስታ ልኬያለሁ። ድኙን በገዛ እጄ የመዘንኩለት ነው። ሲበሉት ያስቡኝ። ስለ ዓመት ዕረፍቴ እስካሁን ቁርጥ ያለ ነገር አልነገሩኝም።

ልጅዎ መርፌ

ኅዳር 20

ይድረስ ከማቆያ ለተፈታችው ልጄ፤

እንኳን ለቀቁሽ። እግርሽ እንቅፋት አያግኘው፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ አለቃሽ ይውደድሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ከረጢቱ ደረሰ። መቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርጌ፣ ጠመኔውንና ሜትሩን ገፋ አድርጌ፣ ነጭ የገበር ጨርቅ አንጥፌ ዘረገፍኩት። ምን ዓይነት መልክ ነው! ወርቅ ነው እንጂ ፍሬ አይባልም። ነርሷ ሁለት ወሰደች። ርእሰ መምህሩም ለሱሪው ካሳ አንድ አገኘ፤ ሲቀምስ «ሌላ የሚያጥር ሱሪ ላምጣ?» አለኝ።

አሁን የምነግርሽን እንዳትስቂ። ሦስተኛውን ስውጥ ናፍቆትሽ መጣ። ናፍቆት አውቃለሁ፣ ሆድ ያባባል፣ እንዲህ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም። ደረቴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። ትንፋሼ አጠረ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህቺ ልጅ በእጇ የመዘነችው ነው እኮ እያልኩ መኪናዬን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያስጨንቀኝ ቆይቶ ለቀቀኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ እበላለሁ፤ በየቀኑም ትመጪብኛለሽ። ያስጨንቃል፣ ግን አንቺ ስለሆንሽ እወደዋለሁ።

ስለ ዕረፍትሽ አልጠይቅሽም። ሥራ ሥራ ነው። ወርቁ ሲያልቅ ግን ሌላ ላኪልኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 18

ለክቡር አጎቴ፤

ደጅዎ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ። ደንበኛዎ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ።

«ትመጪብኛለሽ» ያሉትን አንብቤ ያን ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ፈዝዤ ዋልኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራችኝ። እኔም በእጄ ሽታ እርስዎን አስባለሁ። የቱንም ያህል በሳሙና ብታጠብ ክብሪት ክብሪት ይላል፤ አብራኝ የምትኖረው አውቶቡስ አጣቢዋ «አንቺ ልጅ እሳት ልታስነሺ ነው» እያለች ትቀልድብኛለች። ክፍላችን ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የአውቶቡስ ማቆሚያ። ማለዳ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ገና ሳልነቃ፣ የእርስዎ የስፌት መኪና ይመስለኛል።

የማቆያ ክፍሉ ማሽን ስለተበላሸ ሰሞኑን ወርቁን ማግኘት አልተቻለም። ምንም እንዳይጨመርበት ለሚፈልጉ ገዢዎች ከሚዘጋጀው ልኬያለሁ። ድኝ አልነካውም። መልኩ አያምርም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ

ጥር 25

ይድረስ ለመርፌ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ማሽኑንም ይጠግኑልሽ። ደህና ነኝ።

ልጄ፣ የጫማ ሶል ነው የላክሽልኝ? ነርሷ ከረጢቱን ከፍታ «ይሄ ተቃጥሎ ነው ወይስ ተረግሞ?» ብላ መልሳ ዘጋችው። ጣዕሙን አልዋሽም፣ ማር ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አንዱን በላሁና ጠበቅኩ። ናፍቆትሽ አልመጣም። ሁለተኛውን በላሁ። ስምንት በልቼ ትንፋሼ እንደ ጎረምሳ ይመላለሳል!

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትራስ ከኋላዬ ሳልከምር፣ እንደ ሰው ጋደም ብዬ ተኛሁ። ኋላ ግን ፈራሁ። ልጄን እየረሳኋት ነው እንዴ አልኩ። ስድስት ዓመት የሄደች ልጅ እንዲህ ቀስ እያለች ነው የምትጠፋው አልኩ። ፎቶሽን አውጥቼ አየሁት፤ ሆዴ ባባ፤ ደረቴ ግን ወይ ፍንክች። ራሴን ታዘብኩት።

እባክሽ ማሽኑ ሲሠራ ወርቁን ላኪልኝ። በዛ አድርገሽ ላኪ። አንቺን ሳልናፍቅ መዋል አልወድም።

አጎትሽ

የካቲት 22

ለምወድዎ አጎቴ፤

ፈጣሪ ያቆይልኝ። ማሽኑ ተጠግኗል። ሁለት ኪሎ ወርቅ ዛሬ በፖስታ ልኬያለሁ፤ ከረጢቱን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። እንደ ልብዎ ይብሉ።

ዕረፍቴ ለዘንድሮ አልሆነም። ለከርሞ ይሆን ይሆናል። አይቀየሙኝ።

ልጅዎ

የካቲት 30

ጋሼ፣

አትብላው። ሌላውን ሳታነብ ይህችን አንብብ፦ ያን ወርቅ ያልከውን ፍሬ አትብላው። ከበላህም አሁኑኑ ተው። ከረጢቱን ጣለው።

ዛሬ አንዲት አዲስ ሴት ክፍላችን ገባች። በሩ ከተዘጋ አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። አውጥተን አየር ሰጠናት። ምን ሆንሽ ስንላት «ደረቴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ» አለች። በራሷ ቋንቋ ነው ያለችው፣ እኔ ግን በአንተ ድምፅ ሰማሁት። አስም አለባት፤ ሥራው እንዳያመልጣት ደብቃ ነው የገባችው። አለቃችን ተቆጣችና ከረጢት አንስታ በዚያ ስንት ሺህ ጊዜ ባሸግኩት ከረጢት ላይ ያለውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችልን። ድኝ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ሊያፍነው ይችላል ነው የሚለው። ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነ ጥቂት መጠን ለእሱ ብዙ ነው።

ቤት ሮጬ ደብዳቤዎችህን አልጋ ላይ ዘረጋኋቸው። ወርቁን ስትበላ ናፍቆት ያዘህ። ጥቁሩን ስትበላ ለቀቀህ። ጋሼ፣ ናፍቆት እንዲህ ከረጢት እየመረጠ አይመጣም። ደግሞ «ትራስ ሳልከምር ተኛሁ» ብለሃል። ከዚያ በፊት ስንት ትራስ ነበር የምትከምረው? ከመቼ ጀምሮ?

ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ ማቆያ ያልኩትን አጣመህ ብትሰማ ወዲያው ጠየቅከኝ። እኔ ግን ናፍቆት ስትለኝ ሳልጠይቅ ደስ አለኝ። ለማን እንደሚከለከልም አልጻፍኩልህም፤ አንተን አይመለከትም ብዬ ዘለልኩት።

ነርሷ ዘንድ ደወልኩ፣ ቁጥሩ አይሠራም ይላል። ጥቅሉ ስምንት ቀን ቀድሞኛል። ይህን ደብዳቤ እንዳገኘህ ጻፍልኝ። እባክህ።

መርፌ

መጋቢት 24

ጋሼ፣

እስካሁን መልስ የለም። ቢደርስህም መልስህ ገና መንገድ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቀኑን ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ዛሬ ድኙን ስመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አለቃዬ ወደ ለቀማ መልሳኛለች። የፈለግከውን ጻፍልኝ። ስደበኝም። የእጅህን ጽሑፍ ልየው ብቻ።

መርፌ

ሚያዝያ 1

ይድረስ ለልጄ ለመርፌ፤

አለሁ። ከምርቃቱ በፊት እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ትራስ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው።

ጥቅሉ ከደብዳቤሽ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ብዙ ጊዜ የጠበቅኩት ነገር ስለሆነ አልቆጠርኩትም፤ እየዘገንኩ በላሁ። ናፍቆትሽ መጣ፤ ይምጣ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁትም። ርእሰ መምህሩ ኮቱን ሊወስድ ሲገባ በጠረጴዛውና በስፌት መኪናው መካከል ወድቄ አገኘኝ። ተሸክሞ በራሱ አውቶሞቢል ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ያን ሱሪ ያበላሸሁበት ሰውዬ! ሐኪሙ ኦክሲጅን አድርጎልኝ ቀና ስል «አባባ፣ ምን በልተው ነው?» አለኝ። «ምንም፣ ናፍቆት ነው» አልኩት። «ናፍቆት ከንፈር አያጠቁርም» አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ነርሷ ደብዳቤሽን ይዛ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጮኻ አነበበችልኝ። እኔ እንድሰማ ስትጮህ ክፍሉ ሙሉ ሰማ። የጎኔ በሽተኛ አለቀሰ። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሏት ስለ ድኙ የጻፍሽውን ለራሱ ገልብጦ ወሰደ።

አሁን እኔም ልናዘዝ። አስም ካለብኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የጨርቅ ብናኝ ነው ይላሉ። በአፍ የሚነፋው መድኃኒት የቁልፍ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከኮት ቁልፎቹ ሥር ነው የሚቀመጠው። ነርሷን እንዳትጽፍልሽ አስምያታለሁ። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አየሽ ሞኝነቴን? እንድትመጪ እየሞትኩ፣ እንዳትመጪ ብዬ ዋሸሁሽ። አንቺም አትውቀሺ ራስሽን። ደህና ነኝ ያለሽን ሰው ምን ልታደርጊው ነበር?

አንድ ነገር ግን ደስ አሰኝቶኛል። «አትብላው» አልሽኝ። አንተ አልሽኝ! ትንሽ ሳለሽ ነበር እንዲህ የምትዪኝ። ካደግሽ በኋላ፣ ይልቁንም ከሄድሽ በኋላ በአንቱታ አርቀሽ አስቀመጥሽኝ፤ እኔም ጨዋ ሆናለች ብዬ ዝም አልኩ። ያንን መስመር ነርሷን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ትንፋሼ ተመልሷል። ትክክለኛው ናፍቆት ግን አለ፣ ለካ እስከ ዛሬም ነበረ። ደረት አይጨብጥም፣ አያስልም። ልብስ ስቆርጥም ስበላም ዝም ብሎ አጠገቤ ይቀመጣል። ለእሱ ሐኪሙ ምንም አላዘዘልኝም።

ከእንግዲህ ምንም አትላኪ። ወርቁንም ጥቁሩንም አልፈልግም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ነይ ብዬሽ አላውቅም፤ ደብዳቤ ስጨርስ አፌ ላይ ይመጣና በምርቃት እሸፍነዋለሁ። ዛሬ አልሸፍነውም። ነይ፣ ልጄ። ሳልሞት ነይ።

አጎትሽ

ግንቦት 1

ጋሼ፣

የእጅህን ጽሑፍ ፖስታው ላይ ሳየው ሳልከፍተው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ አጣቢዋ ስትመጣ ገና እዚያው ነበርኩ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏት አቅፋኝ ማልቀስ ጀመረች። አለ፣ አለ እያልኩ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ተናዘዝክልኝ የለ፣ እኔም ልናዘዝ። ዕረፍት አልሰጡኝም ያልኩህ ውሸት ነው። በየዓመቱ ይሰጡኛል። ስድስት ጊዜ ተራዬን ለሌላ ሰው አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ ሰው ሆኜ ልመለስ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ፈራሁህ። አርጅተህ ባገኝህስ? ካየሁህ በኋላ ተመልሼ መሄድ ቢያቅተኝስ? በከረጢት ፍሬ ስልክልህ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። እጄ የነካውን ከበላ ይበቃዋል እል ነበር። አንተ ታፍነህ «ትመጪብኛለሽ» ስትለኝ፣ እኔ እውነትም መጣሁ ብዬ ተኛሁ። ይህን መቼም አልረሳውም።

ሥራውን አልጠላሁትም። ድኙ ከሌለ የዚያ ሁሉ ገበሬ ፍሬ ገበያ ሳይደርስ ይሻግታል፤ ለብዙው ሰውም ጉዳት የለውም። ግን እዚህ የአገራችን ልጆች ብዙ ነን፤ ሁላችንም ከረጢት ወደ ቤት እንልካለን። ስለዚህ ያችን መስመር በፊደላችን በትልቁ ጽፌ መውጫው በር ላይ ለጠፍኳት፤ አስም ያለበት ሰው አይብላው ይላል። ከሥሩም ከመላካችሁ በፊት እንዴት ነህ ብላችሁ ጠይቁ፣ ደህና ነኝ ካለ ደግማችሁ ጠይቁ ብዬ ጨመርኩ። አለቃዬ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላትና አንድ ወር ሙሉ ፈቃድ ጻፈችልኝ።

ግንቦት ዘጠኝ እነሳለሁ። ምንም ይዤ አልመጣም። ነርሷን ሳምልኝ፣ ርእሰ መምህሩን ደግሞ እግሩ ላይ ወድቄ የማመሰግነው እኔ ነኝ በልልኝ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ እልከዋለሁ። ከኔ ቀድሞ ከደረሰ እየመጣሁ ነው። እንደ ልማዱ ከዘገየ ግን ፖስተኛው በሩን ሲያንኳኳ እኔ እከፍትለታለሁ፤ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

መርፌህ